አንዱ ቀለም ለገጠሩ ይውረድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና በኩል በሚያልፈው የጅማ መንገድ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ የሚገባው ጭነት ብዙ ነው። ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ከሰሉ፣ ለኮልፌ አጣና ተራ የሚራገፈው የባሕር ዛፍ አጣና ሁሉ ከገበሬው ማሳና ጓሮ ተነሥቶ በዚህ በር ወደ ከተማ ይዘልቃል። ቀደም ባሉት ዓመታት የሽያጩ ገንዘብ በጥሬው ተቆጥሮ በመቀነት ታስሮ ወደ አገር ቤት ይመለስ ነበር። ዛሬ ግን ከፍ ያለው ሒሳብ የሚተላለፈው በባንክና በስልክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የባንክ ቅርንጫፍ በሌለበት ቀበሌ የሚኖረውም ገበሬ በኪሱ በያዘው ስልክ ገንዘብ መቀበል ችሏል።

ይሁን እንጂ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ሲሰማ ሁኔታው ይለወጣል። ሾፌሩ ይቸኩላል፤ ነጋዴው «ነገ ና» ይላል፤ ገበሬው የማደሪያ ኪራይ ከኪሱ ያወጣል። በአገር ቤት የቀረው ደግሞ የዕለቱን የገበያ ዋጋ ለመጠየቅ ደውሎ ስላልተሳካለት ደላላው በነገረው ዋጋ ይስማማል። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው በኩንታልና በብር ነው። ስለሆነም የመገናኛ መስመር አቅም ጉዳይ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሊያውቁትና ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

መስመሩ ጠበበ በተባለ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው መፍትሔ «ሌላ መስመር ይዘርጋ» የሚል ነው። ሌላ መስመር ማለት ግን ሌላ ቁፋሮ ማለት ነው። የፋይበር ኬብል ለመቅበር አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ በመንገድ ዳርና አንዳንዴም በእርሻ ጠርዝ ላይ ይቆፈራል። ቦዩ ማሳ ላይ ካለፈ የላይኛው ለም አፈር ከታችኛው ጭንጫ ጋር ይቀላቀላል፤ በደንብ ተጠቅጥቆ ካልተመለሰ በክረምት ጎርፍ ይበላዋል። አጥርና የዛፍ ችግኝ ይነሣል። ካሣ የሚከፈልበትን ሥርዓት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቢኖርም እንኳ ካሣ የአፈርን ለምነት በአንድ ዓመት አይመልስም። በከተማውም ቢሆን አንድ ጊዜ የተነጠፈ መንገድ ለውኃ፣ ለመብራት፣ ለስልክ እየተባለ በየተራ ሲቆፈር ነዋሪው ያየው ነው። ከዚህም በላይ በመስመር ዝርጋታ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኬብሉ ሳይሆን ቁፋሮው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፦ የተቀበረውን ክር ሳይቆፍሩ ማስፋት ይቻላል? መልሱ ይቻላል ነው። የሚቻልበት ዘዴ በባለሙያዎች ዘንድ ዌቭሌንግዝ ዲቪዥን መልቲፕሌክሲንግ ይባላል፤ በአማርኛ ብርሃንን በሞገድ ርዝመት ከፋፍሎ በአንድ ክር ማስተላለፍ ማለት ነው። ስሙ የከበደ ቢመስልም አሠራሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም።

የፋይበር ክር ከጠራ መስተዋት የተሠራ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስምንት እጅ አንዱ ያህል ሲሆን፣ ብርሃኑ የሚጓዝበት የመሐል ክፍል ደግሞ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ዘጠኝ እጥፍ ብቻ ነው። ንግግሩ፣ መልእክቱ፣ የገንዘብ ዝውውሩ ሁሉ ወደ ብርሃን ምልክት ተለውጦ በዚህ ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ክር የሚያስተላልፈው አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ነበር። ይህም አንድ ሰፊ መንገድ ተሠርቶ አንድ መኪና ብቻ እንዲሄድበት እንደ ማድረግ ይቆጠራል።

በክረምት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ የማርያም መቀነት በሰማይ ላይ ይታያል። ነጭ የሚመስለው የፀሐይ ብርሃን በውስጡ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንደያዘ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀለማቱ አብረው ተጉዘው የውኃው ጠብታ ሲያገኛቸው ይለያያሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይደባለቅም። በፋይበሩ ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። በአንደኛው ጫፍ እያንዳንዱ የየራሱን መልእክት የተሸከመ ብዙ ዓይነት ብርሃን በማቀላቀያ መሣሪያ ወደ አንድ ክር ይገባል፤ በሌላው ጫፍ መለያያው እንደ ወንፊት እያንዳንዱን ቀለም ለይቶ ለባለቤቱ ያስረክባል። በእርግጥ በዚህ ሥራ ላይ የሚውለው ብርሃን በሰው ዓይን አይታይም፤ የሞገዱ ርዝመት 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ናኖ ሜትር ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። በአንዱ ቀለምና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ናኖ ሜትር ሊያንስ ይችላል። በዚህ ዓይነት በአንድ ክር ላይ 80 እና ከዚያም በላይ ቀለማት ጎን ለጎን ይጓዛሉ።

ሒሳቡ ሲሰላ ጥቅሙ ግልጽ ይሆናል። አንዱ ቀለም በሰከንድ 100 ጊጋቢት ቢሸከም፣ 80ው በአንድነት 8,000 ጊጋቢት ይሸከማሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ዶማ መሬት አልነካም። የተለወጠው በሁለቱ ጫፍ ባሉት ጣቢያዎች ውስጥ የተቀመጠው መሣሪያ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛትም አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ጥቂት ቀለማት ይገባሉ፣ የተጠቃሚው ቁጥር ሲጨምር ሌላ ይታከላል። የእርሻ መሬቱን ሳያሰፋ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በመጠቀም ምርቱን ከፍ የሚያደርግ ገበሬ ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

ዘዴው በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። ቻርልስ ካኦ የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው መስተዋት በደንብ ከጠራ መልእክት በሩቅ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁንና ብርሃን በመንገድ ላይ ይደክማል። ዛሬ ባለው ጥሩ ክር እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በየ80 ወይም በየ100 ኪሎ ሜትሩ ኃይል የሚጨምር ጣቢያ ያስፈልጋል። ቀድሞ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ መሣሪያ ይተከል ስለነበር ወጪው የማይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምተን ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ክር ብርሃንን በቀጥታ እንደሚያጎላ አሳዩ። ይህ ማጉያ ሁሉንም ቀለማት በአንድ ጊዜ ያበረታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዘዴው ወደ ንግድ ሥራ ገብቶ በመጀመሪያ በ16 ቀለማት ያገለግል ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ የየብስና የባሕር መስመሮች ያለዚህ አሠራር አይታሰቡም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር መዘርጋት ሲጀመር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የፋይበሩ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ኩባንያ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድ ቲ ኢ ጋር በጠቅላላው በ1.6 ቢሊዮን ዶላር የተፈረሙት ውሎች አገሪቱ የዛሬውን መረብ እንድትይዝ አድርገዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህም ሁለት ድርጅቶች በገበያው ላይ አሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሕዝብ ዕዳና የሕዝብ ሀብት ነው። በመሆኑም አንዴ የተቀበረው ክር እስከ መጨረሻው ሊሠራበት ይገባል።

ከዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጡት ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአየር ጤናና በሰበታ ወደ ወሊሶ፣ ወልቂጤና ጅማ፣ ሁለተኛው በቡራዩና በሆለታ ወደ አምቦና ነቀምቴ ይወስዳል። ትልልቅ የመገናኛ መስመሮች እንደነዚህ ያሉትን መንገዶች ተከትለው ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። በመካከል ያለው ገበሬ ግን ክሩ በማሳው ዳር አልፎ ሳለ ስልኩን ይዞ ምልክት ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣል። ወንዝ በደጁ እያለፈ ውኃ ከሩቅ እንደሚቀዳ ሰው መሆን ማለት ይህ ነው።

ቀድሞ ለዚህ ምክንያት ይሰጥ ነበር። በመሐል መንገድ ላይ መስመሩን ከፍቶ ጥቂት መልእክት ለማውረድ ሁሉንም ማቆምና መፍታት ግድ ነበርና። በቀለም የመክፈሉ አሠራር ግን ይህን ምክንያት አስቀርቷል። በመሐል ባለ ጣቢያ ላይ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀለም ብቻ ለይቶ የሚያወርድና በምትኩ ሌላ የሚጭን መሣሪያ አለ፤ የቀሩት ቀለማት ሳይነኩ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። የመስኖ አባት ከዋናው ቦይ ለአንድ ማሳ ውኃ ሲጠልፍ ለታችኞቹ የሚሄደውን እንደማያቋርጥ ሁሉ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ለአጭር ርቀት የሚሆን፣ ቀለማቱ በ20 ናኖ ሜትር የተራራቁና እስከ 18 የሚደርሱ፣ ማጉያ የማይፈልግ ርካሽ ዓይነት አለ። ይህ ዓይነቱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ መስመር ስለሚያገለግል ከኮልፌ ቀራንዮ በር ወጣ ብለው ላሉት ለእነ ሰበታና ሆለታ፣ በዙሪያቸውም ላሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚስማማ ነው።

እንግዲህ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፦ መስመሩ በቀለም በሰፋ ቁጥር ቢያንስ አንዱ ቀለም በመንገድ ላይ ላለው ገጠር ይውረድ። ይህ ልመና አይደለም። ቦዩ የተቆፈረው በገበሬው ይዞታ ዳር ነው፤ ክረምት ከበጋ መስመሩን የሚጠብቀውም እርሱ ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም አገልግሎት ለሁሉም ዜጋ እንዲዳረስ ማድረግን አንዱ ዓላማው ያደረገ ሲሆን፣ በዚሁ ሕግ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታ የሚቀርብለት አካል ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ለየብቻ ከሚቆፍሩም አንዱ በሌላው መስመር በኪራይ ቢጠቀም፣ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ መስመር ምሰሶዎች ጫፍ ላይ ባለው ሽቦ ውስጥ የዘረጋውን ፋይበር ቢከራዩ ለአገርም ለገበሬም ይበጃል። አንድ ክር 80 ቀለም ሊሸከም እየቻለ በአንድ መንገድ ዳር ሁለትና ሦስት ቦይ መቆፈር ብክነት ነው።

«ፋይበር የከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለገበሬው የሚያስፈልገው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው» የሚሉ አይጠፉም። አባባሉ እውነት ቢመስልም የዛሬውን አሠራር ያላገናዘበ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. በጀመረው በ8028 ነፃ የስልክ መስመር ገበሬው ስለ ዘር አዘራር፣ ስለ በሽታና ተባይ መከላከል ምክር የሚያገኘው ስልኩ ሲሠራ ነው። ዋግ በስንዴ ላይ መታየቱ ዛሬ ቢነገር ርጭት ይደርሳል፤ ከሳምንት በኋላ ቢነገር ግን አዝመራው አልፏል። የማዳበሪያው ገንዘብም ቢሆን አሁን የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በባንክና በስልክ ነው። መስመሩ ከጠፋ ማዳበሪያው መጋዘን ተቀምጦ የዘር ወቅት ያልፋል።

በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። ዋናው መስመር ስለሰፋ ብቻ በየቀበሌው ስልክ አይሰማም። ከዋናው መስመር እስከ ማማው፣ ከማማውም እስከ ስልኩ ያለው መንገድ ካልተስተካከለ ሰፊ ጎተራ በጠባብ አፍ እንደ መሙላት ይሆናል። ብዙ የገጠር ማማዎች ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በፋይበር ሳይሆን በአየር ሞገድ ስለሆነ አቅማቸው የተወሰነ ነው። ማጉያ ጣቢያውም ሆነ ማማው ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ከደከመና ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካጣ 80ው ቀለም በአንድ ላይ ይጨልማል። ስለሆነም «አቅም ጨምሯል» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ መሪዎች «ጭማሪው የት ወረደ?» ብለው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ጥበቃ ነው። ቀድሞ ክሩ ሲበጠስ የሚቋረጠው አንድ መልእክት ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ የቁፋሮ መኪና በስሕተት አንድ ኬብል ቢመታ የብዙ ወረዳዎች ባንክ፣ ጤና ጣቢያና ገበያ በአንድ ጊዜ ይቆማል። እንዲህ ያለው ጉዳት በባሕርም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ ኬብሎች ሲበጠሱ ችግሩ ከእስያ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተሰምቷል። የራሷ ባሕር በር የሌላት አገራችን ከዓለም የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ስለሆነ የሩቁም መበጠስ ይነካታል። በቅርቡ ያለውን ግን መጠበቅ በእጅ ነው። በመንገድ ሥራ፣ በድንጋይ ካባ፣ በቤት መሠረት ቁፋሮ ምክንያት ኬብል የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ቆፋሪው ቀድሞ ስላልጠየቀ ነው። መዳብ ይገኝበታል ብለው ፋይበር የሚቆርጡም አሉ፤ ክሩ መስተዋት ስለሆነ ለሌባው አንድ ሳንቲም አያወጣም፣ ለሕዝቡ ግን ብዙ ያሳጣል። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ድርጊቱን በወንጀል ይቀጣል። ይሁን እንጂ ከአዋጁ በፊት የሚቀድመው የአካባቢው ሰው ዓይን ነው።

ጥበቃው ብቻውንም አይበቃም። አንድ ወገን ሲበጠስ በሌላ ወገን ዞሮ የሚደርስ መስመር ያስፈልጋል። በምዕራቡ በኩል መንገዱ ራሱ ይህን ያመለክታል። ከአዲስ አበባ በአምቦ ነቀምቴ ደርሶ፣ በበደሌ ወደ ጅማ ታጥፎ፣ በወልቂጤና በአየር ጤና የሚመለሰው መንገድ አንድ ትልቅ ቀለበት ነው። የፋይበሩ መስመር በዚህ ዓይነት ቀለበት ሆኖ በሁለቱም ወገን ቀለማቱ ከተጫኑበት፣ በሰበታ የተበጠሰው በነቀምቴ ዞሮ ይደርሳል። አዲስ ቁፋሮ የሚያስፈልግ ከሆነም መቆፈር ያለበት እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመግጠም እንጂ ባለበት ላይ ለመደረብ መሆን የለበትም።

ከዚህ በመነሣት ከገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። አዲስ መስመር በማሳ በኩል ሊያልፍ ነው ሲባል፣ የነበረው ክር በቀለም ተሞልቶ እንደሆነ በመጀመሪያ ይጠይቁ። ቁፋሮው የግድ ከሆነ የላይኛው አፈር ለብቻው ተቆልሎ በመጨረሻ እንዲመለስ፣ ሥራውም ከዘርና ከአጨዳ ወራት ውጪ እንዲደረግ አስቀድመው በጽሑፍ ያስፈርሙ። መስመሩ በሚያልፍበት በእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ ቀለም የሚወርድበት ጣቢያ እንዲኖር፣ ከዚያም ወደ ገበያው፣ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘንና ወደ ጤና ጣቢያው እንዲደርስ በወረዳው ስብሰባ ላይ ያንሡ፤ መልስ ከጠፋ ለባለሥልጣኑ ያመልክቱ። በበኩላቸውም ኬብሉ የተቀበረበትን ቦታ ለአባሎቻቸው አሳይተው፣ ማንም ሳይጠይቅ እንዳይቆፍር፣ ጉዳት ያየ ወዲያው እንዲናገር ያድርጉ።

የተዘራው ሳይታጨድ ሌላ መሬት የሚመነጥር ገበሬ ብልህ አይባልም። የመገናኛው መስመርም እንዲሁ ነው። በአየር ጤና በር ጤፉን አራግፎ ገንዘቡን የሚጠብቀው ገበሬ የሚፈልገው ሒሳቡ በዕለቱ ደርሶት በመጣበት መኪና ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ለዚያ የሚበቃው ብርሃን በመንገዱ ዳር ተቀብሮ በአጠገቡ ያልፋል። መሪዎቹ ከጠየቁና ከጠበቁት፣ ከብዙው ቀለም አንዱ ለእርሱ የማይወርድበት ምክንያት የለም።